ካነን ኢኦኤስ 2000ዲ በወሎ፦ የሹተርንና የብርሃንን ሥራ ለመማር ይበቃል?

ካነን ኢኦኤስ 2000ዲ የተባለውን ካሜራ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ከዚያ ወዲህ መስተዋት የሌላቸው አዳዲስ ካሜራዎች ገበያውን ስለወረሱት ይህ ካሜራ በባለሙያዎች ዘንድ ብዙም አይወራለትም። ይሁን እንጂ በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ፎቶ ማንሳት ለመማር የተነሣ ወጣት ባለው አነስተኛ ገንዘብ ሊያገኛቸው ከሚችላቸው ካሜራዎች አንዱ ይኸው ነው። ስለዚህ በዚህ ግምገማ ካሜራው ከሌሎች ጋር ሲወዳደር ምን ያህል የጠራ ምስል ይሰጣል የሚለውን አልመረምርም። የምመረምረው አንድ ጥያቄ ነው፦ የሹተር ፍጥነት፣ አፐርቸር የሚባለው የሌንስ ቀዳዳና የገባውን ብርሃን የሚያጎላው አይኤስኦ እርስ በርሳቸው እንዴት እንደሚካካሱ ገና ለማያውቅ ሰው፣ ይህ ካሜራ ነገሩን ገልጦ ያሳየዋል ወይስ ይሸፍንበታል? መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ለትምህርት በሚገባ ይበቃል፤ በቀን ብርሃን እንዲያውም ከእሱ በብዙ ከሚወደዱ ካሜራዎች የተሻለ አስተማሪ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። በጨለማ ቤትና በምሽት ሰርግ ግን አያዘልቅም።

ስለ አካሉ ጥቂት ልበል። ብርሃኑን ተቀብሎ ምስል የሚያደርገው ሴንሰሩ ኤፒኤስ-ሲ በሚባለው መጠን የተሠራ ሲሆን 24.1 ሚሊዮን ፒክስል አለው፤ ክብደቱ ባትሪውንና ሚሞሪውን ጨምሮ 475 ግራም ያህል ነው። ሹተሩ ከ30 ሴኮንድ እስከ 1/4000 ሴኮንድ ይሠራል፤ ከ30 ሴኮንድ በላይ ለሚፈልግም ጣት ቁልፉን እስከተጫነ ድረስ ክፍት ሆኖ የሚቆይበት ባልብ የተባለ አማራጭ አለው። አይኤስኦው ከ100 እስከ 6400 ይደርሳል። አብዛኛውን ጊዜ አብሮት የሚሸጠው ሌንስ ከ18 እስከ 55 ሚሊሜትር የሚዘረጋው ነው፤ ቀዳዳው በ18 ሚሊሜትር እስከ ኤፍ 3.5፣ በ55 ሚሊሜትር ደግሞ እስከ ኤፍ 5.6 ብቻ ይከፈታል። ይህች የመጨረሻዋ ቁጥር ወደ ኋላ ብዙ ታስቸግረናለች።

ሹተር የሚባለው በሴንሰሩ ፊት ያሉት ሁለት መጋረጃዎች ናቸው። ቁልፉ ሲጫን የመጀመሪያው ይከፈታል፤ የተወሰነው ጊዜ ሲያልቅ ሁለተኛው ተከትሎት ይዘጋል። በመካከሉ ያለፈው ጊዜ የሹተር ፍጥነት ነው። ጊዜው በእጥፍ ሲረዝም የሚገባው ብርሃን በእጥፍ ይጨምራል፤ በግማሽ ሲያጥር በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ 1/125 ከ1/250 ይልቅ ሁለት እጥፍ ብርሃን ያስገባል፤ ይህን ልዩነት አንድ እርከን እንለዋለን። አይኤስኦ ብርሃን አያስገባም፤ የገባውን ያጎላል እንጂ። ቢሆንም ስሌቱ ተመሳሳይ ነው፤ ከ200 ወደ 400 መውጣት አንድ እርከን ነው። ተማሪውን በእርግጥ የሚያደናግረው አፐርቸር ነው። ኤፍ ተብሎ የሚጻፈው ቁጥሩ የሚገኘው የሌንሱ የትኩረት ርዝመት ለቀዳዳው ወርድ ሲካፈል በመሆኑ፣ ቁጥሩ ሲያድግ ቀዳዳው ይጠባል። በዚያ ላይ የብርሃኑን መጠን የሚወስነው የቀዳዳው ወርድ ሳይሆን ጠቅላላ ስፋቱ ስለሆነ፣ እርከኖቹ በእጥፍ ሳይሆን 4፣ 5.6፣ 8፣ 11፣ 16 እያሉ በ1.4 ገደማ እየተባዙ ይሄዳሉ። ይህን በቃል ማጥናት እንጂ ሌላ አቋራጭ የለውም፤ አምስት ቁጥሮች ናቸውና አይከብድም።

በዚህ ስሌት ላይ የ2000ዲ አንድ ጉድለት ለተማሪው ጥቅም ሆኖ ተገኝቷል። ውድ ካሜራዎች አይኤስኦን በሦስተኛ እርከን ከፋፍለው 125፣ 160፣ 320 የመሳሰሉ ቁጥሮችን ይደረድራሉ። ይህኛው ግን 100፣ 200፣ 400፣ 800 እያለ በሙሉ እርከን ብቻ ይዘላል። ሹተሩና አፐርቸሩ በሦስተኛ እርከን ስለሚሄዱ፣ መደወያው ሦስት ጊዜ ቀጭ ሲል አንድ ሙሉ እርከን ይሆናል። በመሆኑም ተማሪው አይኤስኦን በአንድ ከፍ ካደረገ፣ ሹተሩን በሦስት ቀጭታ አፍጥኖ ወደ ነበረበት የብርሃን ልክ መመለሱን ዐይኑን ቪውፋይንደር ከሚባለው የማያ መስኮት ሳያነሣ በጣቱ ብቻ ሊያውቀው ይችላል። ይህን መልመጃ ቤት ውስጥ ተቀምጦ፣ ፎቶ እንኳ ሳያነሡ መለማመድ ይቻላል። ከብዙ ሰዓት ንግግር ይልቅ ይህ ነገሩን በቶሎ ያስይዛል ብዬ አምናለሁ።

ቁጥሮቹን ማንበብ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ፤ ለጀማሪ ማንም ቀድሞ ሊነግረው ይገባል። በቪውፋይንደሩ ውስጥ 125 ተብሎ ከተጻፈ 1/125 ማለት ነው፤ 4 ብቻ ከተጻፈ ደግሞ 1/4 ሴኮንድ ነው። ከ4 ቀጥሎ ሁለት ጭረቶች ከተደረቡበት ግን ሙሉ አራት ሴኮንድ ይሆናል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አራት እርከን ነው፤ በሌላ አነጋገር አሥራ ስድስት እጥፍ ብርሃን። ጭረቶቹ ጥቃቅን ናቸው፤ በጠራራ ፀሐይ ደግሞ በውስጥ ያለው ጽሑፍ በደንብ አይታይም።

ብዙ አስተማሪዎች ተማሪውን በመጀመሪያው ቀን ኤም ወደሚባለው፣ ሁሉን በእጅ ወደሚያስተካክሉበት ስልት ይወስዱታል። እኔ አልስማማም። ኤም የሙያ ማዕረግ አይደለም፤ የሥራ መሣሪያ ነው። ይህ ካሜራ ያለው መደወያ ደግሞ አንድ ብቻ ነው። በኤም ላይ ሹተሩን መደወያውን በማዞር ይቀይሩታል፤ አፐርቸሩን ለመቀየር ግን በጀርባው ያለውን ኤቪ የተጻፈበትን ቁልፍ በአውራ ጣት ተጭነው ያንኑ መደወያ ማዞር አለብዎት። ከኤም ሲወጡ ይኸው ቁልፍ ሥራውን ለውጦ ምስሉን ለማድመቅና ለማጥቆር ይሆናል። በአንድ ቁልፍ ላይ ሁለት ሥራ መጫኑ የዚህ ካሜራ ትልቁ የአሠራር ድክመት ነው፤ ገና ፅንሰ ሐሳቡን ያልጨበጠን ሰው ከትምህርቱ አውጥቶ ከቁልፍ ጋር ያታግለዋል።

ስለዚህ መጀመር ያለበት ቲቪ ተብሎ ከተጻፈው ነው። በዚህ ስልት ተማሪው የሹተር ፍጥነትን ብቻ ይመርጣል፤ ካሜራው አፐርቸሩን ራሱ ይፈልግለታል። አይኤስኦውን በ100 ወይም በ200 ማጽናት ያስፈልጋል፤ በራሱ እንዲቀየር ከተተወ ካሜራው ስሕተቱን ሁሉ በስውር እያረመ ትምህርቱን ያጠፋዋል። ከዚያ ቤት ውስጥ ሆኖ 1/1000 ይምረጥ። የኤፍ ቁጥሩ ብልጭ ድርግም ማለት ይጀምራል። ካሜራው «ቀዳዳዬን እስከ መጨረሻው ከፍቼዋለሁ፣ ብርሃኑ ግን አልበቃኝም» እያለው ነው። ወደ ውጭ ወጥቶ በቀትር ፀሐይ ሹተሩን ወደ 1/15 ቢያዘገየው ደግሞ በተቃራኒው ትልቁ የኤፍ ቁጥር ብልጭ ይላል፤ አሁን ያለው ችግር ብርሃን መብዛቱ ነው። ይህች ብልጭታ በእኔ ግምት የካሜራው ምርጥ አስተማሪ ናት፤ ሦስቱ ነገሮች ገደብ እንዳላቸውና አንዱ ሲደክም ሌላው መርዳት እንዳለበት በተግባር ታሳያለች። አውቶ ላይቲንግ ኦፕቲማይዘር የሚባለውንም ከሜኑው ማጥፋት ይገባል፤ ጨለማ የወጣውን ምስል እያደመቀ ተማሪው ያደረገውን ለውጥ እንዳያይ ያደርገዋል።

የብርሃን ልክን ያለ መለኪያ በዐይን መገመት ለሚፈልግ ባቲ ትመቻለች። የሰኞው ገበያ በሚደራበት ሰዓት ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ፀሐዩም የማይለዋወጥ በሆነባቸው ወራት፣ ከፊልም ዘመን የወረስነው ሕግ ያለ ስሕተት ይሠራል፦ በጠራራ ፀሐይ አፐርቸሩ ኤፍ 16 ሲሆን የሹተሩ ፍጥነት ከአይኤስኦው ጋር ይቀራረብ። አይኤስኦ 100 ከሆነ ኤፍ 16 ላይ 1/100 ማለት ነው። ግመል ሲሸጥ ሲለወጥ ለማንሳት 1/100 ስለሚዘገይ፣ አፐርቸሩን ሁለት እርከን ከፍቶ ኤፍ 8 ላይ 1/400 ማድረግ ይቻላል፤ ወይም ኤፍ 5.6 ላይ 1/800። ሦስቱም ምስሎች እኩል ይደምቃሉ፤ ነገር ግን አንድ አይደሉም። በመጀመሪያው ከፊት ያለው ግመል ከኋላ ካሉት ነጋዴዎች ጋር አብሮ ይጠራል፣ የሚወዛወዘው ጅራት ግን ሊደበዝዝ ይችላል። በመጨረሻው ጅራቱ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ከኋላ ያለው ሕዝብ ግን ይለሰልሳል። ኤክስፖዠርን መማር ማለት ትክክለኛውን የብርሃን ልክ ማግኘት ብቻ የሚመስላቸው ሰዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው፤ ልኩ በብዙ መንገድ ይገኛል፣ ከመንገዶቹ መካከል መምረጥ ነው ዋናው ሙያ።

እንቅስቃሴን በተመለከተ ወሎ ውስጥ የሚጠና ነገር አይጠፋም። እስክስታ ሲመታ ትከሻው የሚሄድበትን ፍጥነት ለማስቆም 1/500 ያህል ያስፈልጋል፤ ግን በ1/500 የተነሣ ጨፋሪ ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ የቆመ ይመስላል። ወደ 1/30 ሲወርዱ ፊቱ ከሞላ ጎደል ጠርቶ ትከሻውና ነጠላው ሲደበዝዙ ጭፈራው ይታያል፤ ከብዙዎቹ ምስሎች ጥቂቶቹ ብቻ እንደሚሳኩ ግን መጠበቅ አለበት። ከጀበና የሚቀዳ ቡና በ1/60 እንደ ቀጭን ክር ይታያል፤ በ1/1000 ነጠብጣቡ ይለያያል። ለጉግስ ፈረስ ከ1/1000 በታች አልመክርም። ደሴ ፒያሳ ላይ ቆሞ የምታልፍ ባጃጅን በ1/30 እየተከተሉ ማንሳትም ጥሩ መልመጃ ነው፤ ካሜራው ከባጃጇ ጋር እኩል ከዞረ እሷ ጠርታ ጀርባዋ ያለው ሱቅ ሁሉ በአግድም ይሰነጠራል። ካሜራው በአንድ ሴኮንድ የሚያነሣው ሦስት ምስል ብቻ ስለሆነ፣ ቁልፉን ተጭኖ ይዞ ዕድልን መጠበቅ እዚህ አያዋጣም፤ ቅጽበቱን መጠበቅ ግድ ይላል።

ከእንቅስቃሴ የተለየው መደብዘዝ የእጅ መንቀጥቀጥ ነው፤ ሁለቱን መለየት አስፈላጊ ነው። ከምስሉ ውስጥ የሚንቀሳቀሰው ብቻ ከደበዘዘ ሹተሩ ለእሱ ዘግይቷል፤ ግድግዳውም አብሮ ከደበዘዘ እጁ ተንቀጥቅጧል። በዚህ ሴንሰር ላይ የሌንሱን ርዝመት በ1.6 አባዝቶ ከዚያ የማያንስ ፍጥነት መጠቀም ይሻላል፤ በ55 ሚሊሜትር 1/100 ያህል ይሆናል። አይኤስ የተጻፈበት ሌንስ መንቀጥቀጡን ስለሚያስታግስ ከዚያ በታች መውረድ ያስችላል፤ የሚሮጠውን ልጅ ግን አያስቆምለትም። ይኸው ሌንስ አይኤስ ሳይኖረውም ስለሚሸጥ፣ ሲገዙ በሌንሱ ጎን የተጻፈውን ማንበብ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ መለኪያው እንምጣ፤ ለወሎ ፎቶ አንሺ ከሁሉ የሚከብደው እዚህ ነውና። የካሜራው የብርሃን መለኪያ የሚያየው ነገር ነጭ ይሁን ጥቁር አያውቅም፤ በአማካይ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ይገምታል። ታኅሣሥ 29 በላሊበላ የገና ዕለት ቤዛ ኩሉ ሲዘመር በቤተ ማርያም ዙሪያ ያለውን የዓለት አፋፍ የሞሉትን ካህናት እናስብ። ክፈፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ በነጭ ጥምጥምና በነጭ ልብስ ሲሞላ መለኪያው «ብርሃን በዝቷል» ብሎ ምስሉን ያጠቁረዋል፤ ነጩ ልብስ አመድማ ይሆናል፣ ጠይም ፊቶች ደግሞ ጨርሰው ይጠፋሉ። መፍትሔው በቲቪ ወይም አፐርቸሩን ብቻ በሚመርጡበት በኤቪ ስልት የማድመቂያውን ቁልፍ ይዞ ከአንድ እስከ አንድ ተኩል እርከን መጨመር ነው። ምን ያህል እንደተሳካ ለማየት ምስሉ ሲገመገም የሚወጣውን ሂስቶግራም፣ ማለትም ጥቁሩና ነጩ ምን ያህል እንደሆነ የሚያሳየውን ሥዕል፣ ማየት ይገባል፤ ከልክ በላይ የነጣ ቦታ ካለ እዚያው ላይ በጥቁር ብልጭ ይላል። የነጠላው ጥለትና እጥፋት እስካልጠፋ ድረስ ፊቱን ማስቀደም ይሻላል ብዬ እመክራለሁ። የዒድ ሶላት ዕለት ነጭ ጀለቢያ የለበሱ ሰጋጆች ሜዳ ሲሞሉም ነገሩ ያው ነው።

በክረምት ከጦሳ ተራራ የሚወርደው የደሴ ጉምም መለኪያውን በዚሁ መንገድ ያታልለዋል። ጉሙ ብሩህ ስለሆነ ካሜራው ያጨልመዋል፤ ያኔ ጉም መሆኑ ቀርቶ የጭስ ከተማ ይመስላል። ከሁለት ሦስተኛ እስከ አንድ እርከን ሲጨመርበት ይስተካከላል። በተቃራኒው የቤተ ጊዮርጊስን ጥልቅ ጉድጓድ ከአፋፉ ቁልቁል ሲያነሡ ጥላው ስለሚያይል ካሜራው ከልክ በላይ ያደምቀዋል፤ ፀሐይ ያረፈበት የጣሪያው መስቀልም ነጥቶ ይጠፋል። እዚያ መቀነስ ነው። ካሜራው በመሐል ያለውን የክፈፉን አሥር በመቶ ያህል ብቻ የሚለካበት ፓርሻል የተባለ አማራጭ አለው፤ ከዚያ የጠበበ ስፖት መለኪያ ግን የለውም። ፓርሻልን ፊት ላይ አነጣጥሮ፣ በኮከብ ምልክት የተጻፈውን ቁልፍ ተጭኖ ልኩን አጽንቶ፣ ከዚያ ክፈፉን ማስተካከል ጥሩ ልማድ ነው።

ድክመቱ የሚገለጠው ውስጥ ሲገባ ነው። ከዓለት በተፈለፈሉት አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ በትንንሽ መስኮት የሚገባውን ብርሃን ብቻ ተማምኖ ማንሳት፣ ፍላሽም ጸሎቱን ስለሚያውክ አለመጠቀም፣ ግዴታ ነው ማለት ይቻላል። በ18 ሚሊሜትር ኤፍ 3.5፣ አይኤስኦ 1600 ላይ 1/15 ሴኮንድ የሚጠይቅ ጥግ ብዙ ነው። ሰው እየተንቀሳቀሰ ስለሆነ 1/60 ብንፈልግ ሁለት እርከን ማግኘት አለብን፤ አይኤስኦው ወደ 6400 ይወጣል ማለት ነው። እዚያ ላይ የዚህ ካሜራ ምስል ይቆራረሳል፤ በጥላው ውስጥ ባለ ቀለም ነጠብጣቦች ይወጣሉ፣ የጠይም ቆዳ ልስላሴም ይጠፋል። ወደ 55 ሚሊሜትር ቢጠጋ ደግሞ ሌንሱ ራሱ ወደ ኤፍ 5.6 ስለሚጠብ ከአንድ እርከን በላይ ተጨማሪ ይጠፋል። ለዚህ ነው በዚህ ካሜራ የምሽት ሰርግ እሠራለሁ የሚለውን ሰው ቆም ብሎ እንዲያስብ የምመክረው።

መውጫው ካሜራ መለወጥ ሳይሆን ሌንስ መጨመር ነው። ካነን የሚሠራው 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ትንሽና ከሌሎቹ አንጻር ርካሽ ነው፤ ኤፍ 1.8 ከኤፍ 5.6 ጋር ሲነጻጸር አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። ያ ሦስት እርከን ከዚያም ትንሽ የሚበልጥ ነው፤ አይኤስኦ 6400 የነበረውን ወደ 800 ለማውረድ ይበቃል። የራሱ ዋጋ ግን አለው። ጥርት የሚለው ጥልቀት በጣም ስለሚያጥር ዐይን ጠርቶ ጆሮ ሊደበዝዝ ይችላል፤ አይኤስም ስለሌለው ከ1/80 በታች በእጅ መያዝ አይመከርም። ፊቱ የማይንቀሳቀስ ሰው ለማንሳት ዝግ ያለ ሹተር መጠቀምም ይቻላል፤ ያ ግን የተነሺውን ትዕግሥት ይጠይቃል። በሐይቅ እስጢፋኖስ ከአንድ አረጋዊ መነኩሴ ጋር እንዲህ ያለውን ፎቶ የሚሞክር ሰው «አባቴ፣ ይፍቱኝ፤ ለአፍታ ሳይንቀሳቀሱ ቢቆዩልኝ?» ብሎ አስቀድሞ መጠየቁ ከማንኛውም ሴቲንግ የበለጠ ይጠቅመዋል።

የዘገየ ሹተር ውበት ያለው በውሃ ላይ ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው ቦርከና በክረምት ማብቂያ በድንጋዮቹ መካከል ሲንደረደር ለዚህ ይመቻል። ውሃው እንደ ሐር እንዲለሰልስ ከግማሽ ሴኮንድ እስከ ሁለት ሴኮንድ ያስፈልጋል። በጠራራ ፀሐይ ግን አይቻልም፤ አይኤስኦ 100 ላይ አፐርቸሩ ኤፍ 22 ቢደርስ እንኳ ሹተሩ 1/50 ገደማ ላይ ይቆማል፣ ኤፍ 22 ላይ ደግሞ ምስሉ በጠቅላላው መለስለስ ይጀምራል። ብርሃኑን የሚቀንስ ኤንዲ የተባለ ጥቁር ፊልተር በሌንሱ ላይ ማድረግ ይሻላል፤ ከካሜራው ጋር የሚሸጠው የ18-55 ሌንስ የፊልተር ቀለበት 58 ሚሊሜትር ነው። ስምንት እጥፍ የሚቀንሰው ፊልተር 1/50ን ወደ 1/6 ያወርደዋል፤ ያ ገና አይበቃም። ስድሳ አራት እጥፍ የሚቀንሰው ከአንድ ሴኮንድ ትንሽ በላይ ያደርሰዋል። ፊልተር የሌለው ሰው ፀሐይ ከተራራው ጀርባ እስክትገባ ይጠብቅ፤ ገንዘብም አያወጣም። ትራይፖድ ግን የግድ ነው፤ ቁልፉን ሲጫኑ የሚፈጠረውን ንቅናቄ ለማስቀረትም ቁልፉ ከተጫነ ከሁለት ሴኮንድ በኋላ ካሜራው በራሱ የሚያነሣበትን ታይመር መጠቀም ይበቃል።

ለከዋክብትም እንዲሁ። በ18 ሚሊሜትር፣ ኤፍ 3.5፣ አይኤስኦ 3200 ላይ ከ15 ሴኮንድ ብዙ ማለፍ የለበትም፤ ምድር ስለምትዞር ከዋክብቱ ነጥብ መሆናቸው ቀርቶ ጭረት ይሆናሉ። ሹተሩ ረጅም ጊዜ ሲከፈት የሚወጡትን ነጠብጣቦች የሚያጸዳው አማራጭ ከበራ ካሜራው ካነሣ በኋላ ያንኑ ያህል ጊዜ ሹተሩን ዘግቶ ሁለተኛ ምስል ስለሚወስድ፣ ተበላሽቷል ብሎ ማጥፋት አያስፈልግም።

ስለ ፍላሽ አንድ ቁጥር ብቻ መያዝ ይበቃል፦ 1/200። ከዚያ በላይ በሚፈጥን ሹተር ሁለቱ መጋረጃዎች በአንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ክፍት ሆነው አይገኙም፤ በመካከላቸው ያለች ጠባብ ክፍተት ናት በሴንሰሩ ላይ የምትሄደው። ፍላሹ በዚያች ቅጽበት ቢበራ ከምስሉ ከፊሉን ብቻ ያበራል፤ በካሜራው ላይ ያለው ፍላሽ ከተነሣ ከ1/200 በላይ እንዳይሄድ የሚከለከለው ለዚህ ነው። ቀትር ላይ በጥላ የተሸፈነ ፊትን በፍላሽ ማብራት የሚፈልግ ሰው 1/200 ላይ ኤፍ 11 ለመጠቀም ይገደዳል፤ በአይኤስኦ 100 ይህ ትንሽ ፍላሽ በኤፍ 11 አንድ ሜትር እንኳ አይደርስም። ስለዚህ ቀትር ላይ ጥላ ፈልጎ ማንሳት ይቀላል።

በአዳራሽ ውስጥ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። የመብራታችን ኃይል በሴኮንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ፣ ፍሎረሰንትና አንዳንድ ርካሽ ኤልኢዲ መብራቶች በሴኮንድ 100 ጊዜ ይደምቃሉ፣ ይፈዝዛሉ። በ1/500 ተከታታይ ፎቶ ቢነሣ አንዱ ደማቅ፣ ሌላው ፈዛዛ፣ ሦስተኛው ቢጫ ይወጣል፤ ተማሪው ሴቲንጉን ሲወቅስ ይውላል። ሹተሩን 1/100 ወይም 1/50 ማድረግ ያስተካክለዋል። ለቪዲዮም በ25 ፍሬም 1/50 የሚመረጥበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ሌላው ሁሉ ቀላል ነው። ባትሪው በቪውፋይንደር ከተጠቀሙ 500 ያህል ፎቶ ያነሣል፤ በስክሪኑ እያዩ ማንሳት ግን በቶሎ ይጨርሰዋል፣ መብራት በሚጠፋበት ሰሞን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስክሪኑ አይታጠፍም። ዋይፋዩ ወደ ስልክ ለመላክ ይበቃል። ዘጠኙ የፎከስ ነጥቦች ውስጥ የሚታመነው የመሐሉ ነው።

ያገለገለ ለሚገዛ ሰው ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት እዚያው ሱቁ በር ላይ ሊያደርጋቸው የሚገቡ ፈተናዎች አሉ፤ ሁሉም ከላይ ካልነው ጋር የተያያዙ ናቸው። ጥርት ያለ ሰማይን በ1/4000፣ ከዚያ በ1/1000 ያንሣ፤ የምስሉ አንድ ጎን ከሌላው ከጠቆረ ሁለቱ መጋረጃዎች እኩል አይሄዱም። ነጭ ግድግዳን በፍላሽ በ1/200 ያንሣ፤ ከላይ ወይም ከታች ጥቁር ሰቅ ከታየ መጋረጃው ዘግይቷል። ሌንሱን ከድኖ አይኤስኦ 800 ላይ ለ30 ሴኮንድ ይክፈተው፤ ጥቁር መሆን ባለበት ምስል ላይ ብዙ ቀያይና ሰማያዊ ነጥቦች ከተዘሩ ሴንሰሩ ደክሟል። ከዚያ በኤም ስልት፣ በአይኤስኦ 100፣ ፀሐይ ያረፈበትን አንድ ግድግዳ መጀመሪያ በኤፍ 8 እና በ1/400፣ ቀጥሎ በኤፍ 16 እና በ1/100 ያንሣው። ሁለቱ ምስሎች እኩል መድመቅ አለባቸው። በኤፍ 16 የተነሣው ጎልቶ ከደመቀ ቀዳዳውን የሚያጠብቡት የሌንሱ ቢላዎች ተጣብቀው በጊዜው አልጠበቡም ማለት ነውና፣ ካሜራውን ቢፈልገውም ሌንሱን ለሻጩ መልሶ በዋጋው ላይ እንደገና ይነጋገር።